ማገዶም እንደ ቡና ደረጃ ይውጣለት

አንድ ጆንያ ቡና ወደ ውጭ አገር ከመጫኑ በፊት ብዙ እጅ ይመረምረዋል። ናሙና ይወሰድለታል፤ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ የተሰበረው፣ የጠቈረውና ነቀዝ የነካው ፍሬ ተለይቶ ይቈጠራል፤ ቀማሹም አፍልቶ ይቀምሰዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረጃው በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ዋጋውም በዚያው ደረጃ ይቈረጣል። በሐምቡርግ ወይም በጂዳ ያለው ገዢ ጆንያውን ሳያይ ገንዘቡን የሚልከው ይህን ወረቀት አምኖ ነው። አንድ ጆንያ ከሰል ግን ከጭነት መኪና ወርዶ፣ በባለሱቅ እጅ አልፎ፣ በመጨረሻ በአንዲት እመቤት ማንደጃ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ እርጥበቱን የሚለካ፣ አመዱን የሚመዝን የለም። ከአፉ ላይ ወፍራም ወፍራሙ ይደረደራል፤ ከሥሩ ድቃቂውና አፈሩ ይተኛል። ገዢዋ ይህን የምታውቀው ጆንያው ሲጋመስ ነው።

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለው ተረት በማገዶ ንግድ ውስጥ እንደ ሕግ ሆኖ ሲሠራበት ኖሯል። ከሰል ከሰል ነው፤ እንጨትም እንጨት ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በገበያው ላይ አዲስ ዐይነት ማገዶ እየመጣ ነው። ከቡና ገለባ፣ ከሰጋቱራ፣ ከከሰል ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ብሪኬት፣ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣው አልኮል፣ ከከብት እበት የሚገኘው ባዮጋዝ «አረንጓዴ ማገዶ» ተብለው ይጠራሉ። ስማቸው መልካም ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ድስት አያፈላም፤ ቤትም አያሞቅም። እነዚህ ማገዶዎች በሚገባ ተመዝነው፣ ተለክተውና ደረጃ ወጥቶላቸው ካልተሸጡ፣ መልካም ስማቸው በመጀመሪያዎቹ አታላዮች እጅ ጠፍቶ፣ ንግዱም ሳይወለድ ይጨነግፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለነጋዴው ማኅበረ ሰብ ማስገንዘብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማገዶ የከተማን ዕድል ሊወስን እንደሚችል ከአዲስ አበባ ታሪክ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ከተማይቱ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው ሥራውን አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ካለችበት እንዳትነቀል ከረዷት ነገሮች አንዱ በ1890ዎቹ ከውጭ አገር ገብቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ነገሩ ሲታሰብ፣ ያ ባሕር ዛፍ ሰው ዐስቦ፣ ለማገዶ ብሎ የተከለው፣ ነጋዴውም ያተረፈበት የመጀመሪያው «አረንጓዴ ማገዶ» ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ዛፉ ባይገኝ ኖሮ ሱቅና መጋዘን የሠራ ነጋዴ ሁሉ ማገዶውን ተከትሎ ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ በተጓዘ ነበር።

ዛሬ ያለው ችግር ከዚያን ጊዜው የተለየ መልክ አለው። የከተማ ሰው እንጨቱን ትቶ ወደ ከሰል ዞሯል፤ ከሰል ግን ከእንጨት ይልቅ ደንን ይበላል። በአፈር ተሸፍኖ በልማድ በሚከሰለው አሠራር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እንጨት ይጠፋል። ይህም ማለት በአንድ ኩንታል ከሰል ጀርባ ከ5 እስከ 10 ኩንታል እንጨት አለ ማለት ነው። ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸር ከሰሉ የሚሰጠው ሙቀት ከደረቅ እንጨት ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ከተማ ሳይደርስ በጫካው ውስጥ በጭስ መልክ ወጥቶ ቀርቷል። አንድ ነጋዴ ከገዛው ዕቃ ከግማሽ የሚበልጠውን በመንገድ እየደፋ የሚነግድ ቢሆን የሒሳብ መዝገቡ ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም።

ስለ እርጥበትም እንዲሁ ነው። ክብደቱ እኩሌታው ውሃ የሆነ እርጥብ እንጨት በኪሎ 8 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ያው እንጨት ደርቆ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ግን 16 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ገዢዎች እኩል ገንዘብ ከፍለው፣ እኩል ኪሎ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ቢገቡ፣ አንደኛው የሌላውን እጥፍ ሙቀት ሊያገኝ ይችላል። ሌላው ገዢ የገዛው ውሃ ነው። ከዚህም የተነሣ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ከሚዛኑ ጋር እርጥበቱ መታወቅ አለበት። ቡና ላኪው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

የቀዝቃዛ አገር ሰዎች ይህን ነገር ከብዙ ድካም በኋላ ተምረውታል። በስዊድንና በኦስትሪያ ክረምቱ ብርቱ ስለሆነ ቤት ማሞቅ ከትልልቆቹ የቤት ወጪዎች አንዱ ነው። ስዊድን በ1991 በነዳጅ ላይ የካርቦን ግብር ከጣለች በኋላ ሕዝቡ ከዘይት ምድጃ ወደ ሌላ ማሞቂያ መሸሽ በዛ፤ ከነዚህም አንዱ ፔሌት የሚባለው ነው። ፔሌት ማለት የእንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራ ደርቆና ተጨምቆ እንደ እርሳስ ቀጠን ብሎ፣ አጠር አጠር እያለ የሚሠራ ማገዶ ነው። ሁለት ኪሎ ፔሌት የአንድ ሊትር ማሞቂያ ዘይትን ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሰጋቱራው ቀድሞ የትም ይጣል የነበረ ነው።

ነገር ግን ንግዱን ያቆመው ሰጋቱራው ሳይሆን ደረጃው ነው። ኤንፕላስ በሚባለው የኤውሮፓ የደረጃ ምልክት የመጀመሪያው ደረጃ ፔሌት እርጥበቱ ከ10 በመቶ፣ አመዱ ከ0.7 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሙቀቱም በኪሎ ከ16.5 ሜጋጁል ማነስ የለበትም። ይህ በከረጢቱ ላይ በደረጃው ምልክት ይታወቃል፤ ከረጢቱን የሞላው ፋብሪካም እንዲሁ። ገዢው ከረጢቱን ሳይፈታ የሚገዛውን ያውቃል። ምድጃ ሠሪውም ምድጃውን በዚያው ልክ ይሠራል፤ አመድ በበዛበት ማገዶ ምድጃው ቢበላሽም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። እንግዲህ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ከረጢት ሳይሆን ሙቀት ነው።

የኤውሮፓ ነገር ሁሉ ግን መልካም ነው ማለት አይደለም። ከስሕተታቸውም መማር ይገባል። በሰሜን አየርላንድ መንግሥት በ2012 በእንጨት ፔሌት ለሚሞቁ የንግድና የእርሻ ሕንፃዎች ድጎማ ፈቀደ። ለሚወጣው ሙቀት ሁሉ የሚከፈለው ገንዘብ ማገዶው ከሚፈጀው ዋጋ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ ለክፍያውም በቂ ልክ አልተበጀለትም ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙ ባደገዱ ቍጥር ብዙ የሚተረፍበት እንግዳ ንግድ ተፈጠረ። ሕዝቡም ነገሩን «ገንዘብ በአመድ» ብሎ ሰየመው። በ2016 መጀመሪያ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ፤ በጥር 2017 ከጠቡ ጽናት የተነሣ ምክትል ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ማርቲን ማክጊነስ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የአካባቢው መንግሥትም ፈርሶ ሦስት ዓመት ያህል ሳይቋቋም ቆየ። በሰር ፓትሪክ ኮግሊን የተመራው መርማሪ ጉባኤም ውጤቱን በመጋቢት 2020 ገለጸ። ማገዶው አልበደለም፤ የበደለው ዋጋውን ሳይመረምር ገንዘብ ያፈሰሰው አሠራር ነው። ነጋዴ ከዚህ የሚማረው፣ በድጎማ ብቻ የቆመ ንግድ ድጎማው በቀረ ማግሥት አብሮ እንደሚወድቅ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት በ2022 የታየው ነው። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያና ከቤላሩስ ይገባ የነበረው ፔሌት ሲቆም፣ የጋዝ መወደድም ሲጨመርበት፣ በኦስትሪያና በጀርመን የፔሌት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። አረንጓዴ ነው የተባለውም ማገዶ ከሩቅ አገር እስከ መጣ ድረስ እንደ ነዳጅ ዘይቱ በጦርነትና በወደብ እንደሚታሰር ታየ። ስለዚህ የቤት ማገዶ ትልቁ ጥቅሙ በቅርብ መገኘቱ ነው።

ኢትዮጵያም ብትሆን በዚህ ነገር ያለፈ ትምህርት አላት። በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ወጣ። በዚያን ጊዜ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ ስለ ነበር ጃትሮፋና ጉሎ ተክለው ዘይት ለማውጣት ብዙ ኩባንያዎች ሰፋፊ መሬት ጠየቁ። ጃትሮፋ በደረቅና በደካማ መሬት ላይ ያለ ውሃ ያፈራል ተብሎ ተነግሮ ነበር። ተክሉ በእርግጥ በደረቅ መሬት ላይ በሕይወት ይኖራል፤ ነገር ግን መኖርና ማፍራት አንድ አይደሉም። የተባለው ምርት አልተገኘም፤ ብዙዎቹም ኩባንያዎች ሥራውን ትተው ሄዱ። በአንዳንድ ስፍራ ገበሬው እህሉን ትቶ ለተከለው ጉሎ የታሰበውን ያህል ዋጋ ሳያገኝ ቀረ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው። የእህል መሬት ለማገዶ ከዋለ ሰውየው ምድጃው ሞቆ ድስቱ ባዶ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ መልካም ተስፋ ያሳየው ከሞላሰስ የሚወጣው አልኮል ነው። ሞላሰስ ስኳር ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ነው፤ ከ4 ኪሎ ያህል ሞላሰስ አንድ ሊትር አልኮል ይወጣል። የፊንጫ፣ ኋላም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ይህን ሥራ ይዘው፣ ከ2008 ጀምሮ ከመቶ 5 እጅ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከመቶ 10 እጅ አልኮል ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ እንዲሸጥ ተደርጎ ነበር። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ከስዊድን የመነጨ የአልኮል ምድጃ በአዲስ አበባ ቤቶች ለሙከራ፣ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች ሰፈርም ለአገልግሎት ዋለ። ምድጃው አልኮሉን እንደ ጥጥ በሚመጥጥ ነገር ውስጥ ስለሚይዝ ቢገለበጥ እንኳ አይፈስም፤ ጭስም የለውም። ማገዶ ለመልቀም ከሰፈሩ ርቀው ሲሄዱ ለአደጋ ይጋለጡ ለነበሩት ሴቶች ይህ ታላቅ ዕረፍት ነበር።

ይሁን እንጂ በአልኮል ለመነገድ የሚያስብ አስመጪ ወይም አከፋፋይ አስቀድሞ እርሳሱን አውጥቶ ይደምር። አንድ ሊትር ላምባ 35 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲኖረው፣ አንድ ሊትር አልኮል ያለው 21 ሜጋጁል ያህል ነው። እንግዲህ ምድጃዎቹ እኩል ቢሠሩ፣ ላምባ በሊትር 100 ብር የሚሸጥ ነው ብንል፣ አልኮሉ ከ60 ብር በላይ ሲሆን ለገዢዋ ኪሳራ ነው። ሊትር ለሊትር አወዳድሮ «ርካሽ ነው» እያለ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን አንድ ወር ብቻ ያታልላል፤ በሁለተኛው ወር ደንበኛዋ ሒሳቡን በራሷ ማንደጃ ታገኘዋለች። ከዚህም በላይ አልኮል ሌሎች ፈላጊዎች አሉት፤ መጠጥ ሠሪው፣ የመድኃኒት ፋብሪካው፣ ነዳጅ አደባላቂው ሁሉ ይሻማበታል። በ2020 የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ አልኮል በብዙ አገር ለእጅ ማጽጃ ሲፈለግ ይህ በግልጽ ታይቷል። አንድ ሺህ ምድጃ አስመጥቶ አልኮሉ ከየት እንደሚመጣ በውል ያላሰረ ነጋዴ መብራት ያለ ዘይት እንደሸጠ ይቈጠራል።

ለባለሱቁ የበለጠ የሚቀርበው ግን ብሪኬቱ ነው። በደረቅ ከሚዘጋጅ ቡና ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና አንድ ኪሎ ያህል ገለባ ይወጣል። ቡና ላኪው በየዓመቱ የሚጭነውን ኩንታል ያውቃል፤ ስለዚህ የስንት ኩንታል ገለባ ባለቤት ሊሆን ይችል እንደ ነበር ከራሱ መዝገብ ማውጣት ይችላል። ገለባው በየመፈልፈያው ደጅ ተቈልሎ ይበሰብሳል፤ አንዳንዱም እዚያው ሜዳ ላይ በከንቱ ይቃጠላል። እርግጥ ነው፣ ገለባ እንዲሁ ቢጫን ቀላልና ሰፊ ስለሆነ መኪናው የሚጭነው አየር ነው፤ አመዱም ከእንጨት አመድ ይበዛል። ስለዚህ መጨመቂያው መፈልፈያው ባለበት መሆን ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን ቡና ይዞ የሚወጣው መንገድ ማገዶም ይዞ ይወጣል፤ ደኑም ያርፋል።

እዚህ ላይ «አረንጓዴ» የሚለው ቃል ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከዕፅዋት የተገኘ ሁሉ አረንጓዴ አይደለም። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ያደገ ግራር ተቈርጦ በአንድ ሳምንት ቢነድ፣ ያወጣውን ጭስ መልሶ የሚስብ ዛፍ እስኪያድግ አንድ ትውልድ ያልፋል። ያለ ሰው ተግባር ይበሰብስ የነበረ ገለባ ቢነድ ግን ከአገሩ የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ለማንኛውም ማገዶ ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት። ይህ ነገር ለማገዶ ባይውል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የተወሰደው በስንት ጊዜ ይተካል? ከምርቱ ስፍራ እስከ ገዢው ቤት ስንት መንገድ ይጓዛል? ለሦስቱም በቂ መልስ ያለው ዕቃ አረንጓዴ ይባል፤ መልስ የሌለው በስሙ ይጠራ። በብሪኬት ስም የተፈጨ የደን ከሰል መሸጥ ያው የደን ከሰል መሸጥ ነው።

ከዋጋና ከስም በላይ ደግሞ የነፍስ ነገር አለ። ደጋው ሲበርድ፣ በክረምት ዝናብና በኅዳር ውርጭ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ሁለት መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጭስ በሚያወጣ የቤት ማገዶ ምክንያት በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ያ ግምት ስለ ጭሱ ነው። የከሰል መርዝ ግን ጭስ ሳይታይም ይገድላል። እንግዲህ በብሪኬት ጆንያ ላይ «ጭስ የለውም» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ እውነት ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ገዢዋ የጭሱን አለመኖር አምና ማንደጃውን ከልጆቿ አልጋ አጠገብ ብታስቀምጥ፣ ያ የተጻፈው ቃል ካልተጻፈው ቃል የተነሣ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ «ጭስ የለውም» የተባለበት ጆንያ ሁሉ ከሥሩ በእኩል ፊደል «በዝግ ቤት አይነድም» የሚል ይጻፍበት። አልኮሉም እንዲሁ፣ ነበልባሉ በቀን ብርሃን ስለማይታይ፣ ምድጃው ሳይጠፋና ሳይቀዘቅዝ እንዳይሞላ ማስጠንቀቂያ ይኑርበት፤ ማንም እንዳይጠጣውም ቀለምና መራራ ነገር ይጨመርበት።

መታመን የጎደለው ንግድ እንዴት እንደሚሞት ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ባለሱቅ ሃያ ጆንያ ብሪኬት ገዛ እንበል። ዕቃው በበጋ መልካም መስሎ ተሸጠ፤ ክረምት ሲገባ ግን የቀረው ጆንያ እርጥበት ስቦ እንደ ዱቄት ፈረሰ፤ ሠሪው ማያያዣ ብሎ ጭቃ አብዝቶበት ስለ ነበር የነደደውም ከማሞቅ ይልቅ አመድ ያመርት ጀመር። ደንበኞቹ ጆንያውን ይዘው ተመለሱ። ባለሱቁ ወደ ሠሪው ቢልክ በጆንያው ላይ ስም የለም፤ በደረሰኙ ላይም ስለ እርጥበትና ስለ አመድ የተጻፈ ቃል የለም። ባለሱቁ ገንዘቡን ከኪሱ መልሶ፣ ዳግመኛ ብሪኬት ወደ ሱቁ እንዳይገባ ማለ። በዚያው ሳምንት አንድ ሌላ ሠሪ ጥሩ ብሪኬት ይዞ ቢመጣ የሚሰማው አያገኝም። የክፉው ዕቃ ዕዳ በመልካሙ ዕቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ኤሌክትሪክ አለ» የሚል ይኖራል። ቃሉ እውነትነት አለው። ኅዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ ኃይሉም ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት በእንጨት ምጣድ ላይ ዐይኑን የሚያስለቅስበት ምክንያት የለም፤ ወደፊትም የቤት ሙቀትና የወጥ ቤት ሥራ ወደ ኤሌክትሪክ ማዘንበሉ አይቀርም። ነገር ግን ሽቦ ያልደረሰበት ቤት እጅግ ብዙ ነው፤ ሽቦ የደረሰበትም መብራት ሲጠፋ ከሰል ይፈልጋል፤ የመብራት ታሪፍም ከ2024 ጀምሮ በየጊዜው እንዲጨምር ተወስኗል። መንግሥት በነዳጅ ላይ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ከ2022 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ስለ ጀመረ ላምባም መጠጊያ አልሆነም። ስለዚህ በመካከል ያለውን ዘመን የሚሻገሩበት ድልድይ ያስፈልጋል። ነጋዴው ይህ ድልድይ መሆኑን ዐውቆ፣ ካፒታሉን ሁሉ ለሃምሳ ዓመት በማይመለስ መሣሪያ ላይ ሳያፈስ፣ በልክ ይግባበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ደረጃና ሚዛን ቢወጣ በመንገድ ዳር ከሰል በመደብ የምትሸጠው እናት ምን ትብላ?» ይባላል። ይህ በንቀት የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ይሁን እንጂ ደረጃ ማውጣት ማለት ቸርቻሪዋን ማባረር ማለት አይደለም። ቡና በገጠር ገበያ በጣሳ የምትሸጥ ሴት የቅምሻ ወረቀት አትጠየቅም፤ የሚጠየቀው በብዛት የሚያወጣው ነው። በማገዶም መለካትና መጻፍ የሠሪውና የአከፋፋዩ ግዴታ ይሁን፤ ቸርቻሪዋ የሚያስፈልጋት አንድ እውነተኛ ሚዛን ብቻ ነው። እንዲያውም በዛሬው ልማድ በይበልጥ የምትጎዳው እርሷ ናት፤ ከጆንያው ሥር የሚገኘውን ብናኝና አፈር በዋጋ ገዝታ ለማንም መሸጥ የማትችለው እርሷ ስለሆነች።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ብሪኬትና ከሰል በጅምላ ሲሸጥ በጆንያ መሆኑ ቀርቶ በኪሎ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየጆንያው ላይ የሠሪው ስም፣ ከምን እንደተሠራ፣ እርጥበቱና አመዱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያው በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይታተም፤ ማንበብ ለማይችልም ሥዕል ይኑርበት። አራተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቱ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ተመካክሮ በየጊዜው ከገበያ ናሙና እያስወሰደ ያስመርምር፤ ውጤቱንም በዚህ ጋዜጣ ያውጣ። ናሙናው የታመነ ሠሪ ይመሰገን፤ የጎደለበትም ይታወቅ። አምስተኛ፣ ምድጃ የሚያስመጣ ነጋዴ የሚስማማውን ማገዶና የመለዋወጫውን ነገር አብሮ ያስብ። ላቀች የተባለው የከሰል ማንደጃና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከገበያው ጋር የተዋወቁት እዚሁ አገር በአገር ዕቃ የሚሠሩና የሚጠገኑ በመሆናቸው ጭምር ነው።

ለናሙናው ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ በዚህ ንግድ የሚጠቀሙት ሁሉ በየኩንታሉ ጥቂት ሳንቲም ቢያዋጡ ይበቃል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ድጎማ እስኪሰጥ ከመጠበቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም ነጋዴው ራሱ ያቆመው ደረጃ ሚኒስትር በተለወጠ ቍጥር አይለወጥም። የሰሜን አየርላንድ ሰዎች ገንዘቡን አስቀድመው ሚዛኑን ረሱ። ሚዛኑን ያስቀደመ ግን ገንዘቡ ከኋላው ይመጣል።

የኢትዮጵያ ቡና በዓለም ገበያ የታመነው ፍሬው ስለጣፈጠ ብቻ አይደለም፤ በየጆንያው ውስጥ ያለው በየወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር እንዲስማማ ብዙ ሰዎች ለረጅም ዘመን ስለደከሙበት ነው። የዚያው ቡና ገለባ ዛሬ በየመፈልፈያው ደጅ ተከምሮ ነጋዴውን ይጠብቃል። ፍሬውን በወረቀት የላከ እጅ ገለባውን በጭፍን ሊሸጥ አይገባውም። በሐምቡርግ ላለ ገዢ የሚደረገው ጥንቃቄ በሰፈር ላለችው እናትም ይድረሳት፤ እርሷም ከፍላ የምትወስደው ሙቀት ነው፤ በዚያውም ሙቀት አጠገብ ልጆቿን የምታስተኛው የነጋዴውን ቃል አምና ነው።